ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር



አማርኛ ስለ አንድ ሰው መላ አካል ሲናገር «ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ» ይላል። ዛሬ የምናወራው ስለ ፀጉር፣ ስለ ጥፍርና በሁለቱ መካከል ስላለው ስለ ቆዳ ነው። ነገሩን ያነሳሁት ቤታችን ውስጥ በደረሰ ነገር ምክንያት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ እናቴና የእህቴ ልጅ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ትንሿ ኢትዮጵያ ሄደው በርበሬና እንጀራ ገዝተው ተመለሱ። ልጅቷ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስትታጠብ፣ ልጅቷ የአያቷ አውራ ጣት ጥፍር መጥቆሩን አየች።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ተይው ልጄ፣ ጫማ ነክቶት ይሆናል።»

«የቆዳ ካንሰር ቢሆንስ?»

«እሱማ የፈረንጅ በሽታ ነው!»

ብዙዎቻችን እንዲህ እናስባለን፤ ግን ልክ አይደለም። ቦብ ማርሊን ታውቁታላችሁ። 60ኛ የልደት በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2005 በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በትልቅ ኮንሰርት ተከብሯል። ቦብ ማርሊ የእግሩን አውራ ጣት ሲያመው መጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር። በ1977 ግን በጥፍሩ ሥር ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ተገኘ። በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ቆዳችንን እንወቅ። ቆዳ ከሰውነታችን አካላት ሁሉ ትልቁ ነው። የአዋቂ ሰው ቆዳ ቢዘረጋ 2 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። የላይኛው ስስ ሽፋን ውሃና ጀርም እንዳይገባ ይከላከላል፤ አሮጌው እየረገፈ በአዲስ ይተካል። ከሥሩ ያለው ወፍራም ክፍል የደም ሥሮች፣ ነርቮች፣ የላብ ዕጢዎችና የፀጉር ሥሮች የሚገኙበት ነው። ከሁሉም በታች ስብ አለ፤ ሙቀታችንን ይጠብቃል፣ ስንመታም ጉዳቱን ያቀልልናል።

በላይኛው ሽፋን ውስጥ ሜላኒን የሚባለውን ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። ቁጥራቸው በጥቁርም በነጭም ሰው ተቀራራቢ ነው። የሚለየው የሚሠሩት የሜላኒን መጠንና ዓይነት ነው። ሜላኒን እንደ ጥላ ሆኖ ከፀሐይ ስለሚከላከል፣ በጥቁር ሰው ላይ የቆዳ ካንሰር የሚታየው ጥቂት ጊዜ ነው። ሜላኖማ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፀሐይ እምብዛም በማይደርስበት ቦታ ነው፤ በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር። እነዚህን ቦታዎች ደግሞ ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው።

ፀጉርና ጥፍር ከቆዳ የሚወጡ ናቸው። ሁለቱም ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ከቆዳ ውጭ የምናየው ክፍል ሕይወት ስለሌለው ስንቆርጠው አያመንም። ሕይወት ያለው ሥሩ ነው። ሹሩባ ሲጠብቅ የሚያመን ሥሩ ስለሚጎተት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከተጎተተ ፀጉሩ በግንባር በኩል ሊሳሳ ይችላል። ጥፍርም ከሥሩ ተነስቶ ወደ ፊት ያድጋል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ የእግር ጥፍር የዚያን ግማሽ ያህል ነው።

ወደ እናቴ ልመለስ። ልጅቷ አላስቀምጥ ስላለቻት ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ ጠየቀ፦ ያማታል? ያሳክካታል? ደምቶ ያውቃል? መቼ ጀመራት? ልጅቷ «ያሳክካል» የሚለውን ቃል አታውቅም ነበር። የራሷን ክንድ በጥፍሯ እያከከች «እማማ፣ እንዲህ ያደርግሻል?» አለቻት። እናቴ ሳቀች፤ «አያሳክከኝም» አለች።

ሐኪሙ በልዩ አጉሊ መነጽር አይቶ የረጋ ደም እንደሚመስል ነገራቸው። ፎቶ እያነሳችሁ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ አላቸው። ምክንያቱም የረጋ ደም ከሆነ ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር ይከተላል። ከጥፍሩ ሥር የሚነሳ ሜላኖማ ግን ጥፍሩ ቢያድግም መስመሩ ከሥሩ አይለቅም። ልጅቷ በየእሁዱ ፎቶ አነሳች። በሦስተኛው ወር ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር ወጣ። እናቴ «ጫማ ነው አላልኩም?» ብትልም፣ ለጎረቤት ሁሉ ያወራችው ግን ስለ ልጅቷ ጉብዝና ነው።

ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር ያየ ሁሉ አይደንግጥ። በጥቁር ሰው ጥፍሮች ላይ ቀጫጭን መስመሮች መኖራቸው የተለመደ ነው፤ በተለይ ብዙ ጥፍሮች ላይ ካሉ። ሐኪም ማየት ያለበት አዲስ የመጣውን፣ አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ያለውን፣ እየሰፋ የሚሄደውን ወይም በጥፍሩ ዙሪያ ያለውን ቆዳ የሚያጠቁረውን ነው። እንሶስላ ወይም የጥፍር ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ባዶውን ጥፍር እዩት።

በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሐኪም ቤቶች አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለባቸው፤ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ቤት ውስጥ ግን አያታችሁን መጀመሪያ የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ እነዚህን ቃላት ያዙ።

የሳምንቱ ቃላት
ያሳክካል፦ እከከኝ እከከኝ ያሰኛል።
ያቃጥላል፦ እሳት እንደነካው ይለበልባል።
ይደማል፦ ደም ይወጣዋል።
ይላላጣል፦ የላይኛው ቆዳ እየተነሳ ይረግፋል።
አብጧል፦ ከወትሮው ተልቋል።

የቤት ሥራ፦ በዚህ እሁድ የአያታችሁን እግር እጠቡላቸው። እያጠባችሁም «ያምዎታል? ያሳክክዎታል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ምርቃቱ የእናንተ ነው። ሳምንት ያገናኘን!