የከተማ ምክር ቤት ምርጫና የአገልግሎት ተጠያቂነት፦ ከደባርቅና ከዳባት አንጻር

በደባርቅ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ለማግኘት ወይም በዳባት የንግድ ፈቃድ ለማሳደስ ወደ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ነዋሪ ጉዳዩ ሲዘገይበት በተለምዶ የሚያነሣው ጥያቄ «ከንቲባውን የት ላግኛቸው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም ከንቲባውን የሰየማቸው ማን ነው፣ ተጠሪነታቸውስ ለማን ነው የሚለው ነው። ይህን የተረዳ ተገልጋይ አቤቱታውን ለየትኛው አካል ማቅረብ እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል። ይህ ጽሑፍ የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ከዕለት ተዕለት አገልግሎት ጋር ያለውን ግንኙነት በሰሜን ተራሮች ግርጌ ከሚገኙት ከሁለቱ ከተሞች አንጻር ይመለከታል።

ከንቲባ እንዴት ይሰየማል?

በአገራችን የከተማ ነዋሪ ለከንቲባ በቀጥታ ድምፅ አይሰጥም። ነዋሪው የሚመርጠው የምክር ቤት አባላትን ሲሆን ከንቲባውን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ነው። በአማራ ክልል የከተሞችን አደረጃጀት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 91/1996 የተዋቀረው በዚሁ መርህ ነው። ከንቲባው ሥራውን የሚመራው ከከንቲባ ኮሚቴው ጋር ሆኖ ሲሆን ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ ነው።

አዲስ አበባም በተመሳሳይ መንገድ ትሠራለች። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የተመረጠው የከተማዋ ምክር ቤት በመስከረም 2014 ዓ.ም. ወይዘሮ አዳነች አቤቤን በከንቲባነት ሰይሟል። ከዚያ ቀደም በ2010 ዓ.ም. የከተማዋ ቻርተር ተሻሽሎ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው በምክትል ከንቲባነት እንዲሾም ተፈቅዶ ነበር። በሌሎች አገሮች አሠራሩ ይለያያል። የለንደን ነዋሪዎች ከንቲባቸውን በቀጥታ ሲመርጡ በደቡብ አፍሪካ ከተሞች ግን እንደ እኛው የሚሰይመው ምክር ቤቱ ነው። በምክር ቤት የሚሰየም ከንቲባ ሊጠየቅ የሚችለው ምክር ቤቱ ብርቱ ሲሆን ነው። ምክር ቤቱ ከተዳከመ ነዋሪው ከንቲባውን የሚጠይቅበት ድልድይ አብሮ ይዳከማል።

ከሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ወዲህ

በክልሎች የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር። የአገልግሎት ዘመኑ አምስት ዓመት በመሆኑ ቀጣዩ ምርጫ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ ነበረበት። ሆኖም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውሳኔ ተራዘመ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ተራዘመ። ከዚያ በኋላ የኮሮና ወረርሽኝ፣ ጦርነትና የጸጥታ ችግር ተከታትለው መጡ።

ብዙ ነዋሪዎች በሰኔ 2013 ዓ.ም. ድምፅ መስጠታቸውን በማስታወስ የከተማቸውን ምክር ቤት የመረጡ ይመስላቸዋል። በዚያ ምርጫ በክልሎች የተሰጡት ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ግን አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት ነበሩ። የከተማ ምክር ቤት የተመረጠው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ነው። በመሆኑም በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት የነበረ የደባርቅ ነዋሪ ዛሬ ሠላሳ ዓመት ደርሶ፣ ምናልባትም ግብር ከፋይና የቤተሰብ ኃላፊ ሆኖ፣ ለከተማው ምክር ቤት አንድ ጊዜም ድምፅ አልሰጠም።

ከተማው ተለውጧል

የዘገየው ምርጫ ጉዳት ይበልጥ ግልጽ የሚሆነው ከተማው በእነዚህ ዓመታት ምን ያህል እንደተለወጠ ሲታሰብ ነው። በ2005 ዓ.ም. የዞኑ መቀመጫ ጎንደር ነበረች። ሰሜን ጎንደር ለሦስት ዞኖች ከተከፈለ ወዲህ ግን ደባርቅ የዞን ዋና ከተማ ሆናለች። በ2010 ዓ.ም. የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀምሯል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከነበረው ከግጭ መንደር የተነሡ አባወራዎችና እማወራዎች በደባርቅ ሰፍረው ከገበሬነት ወደ ከተሜነት ተሸጋግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ በ1996 ከገባበት የአደጋ መዝገብ በ2017 ሲወጣ የግጭ ነዋሪዎች መነሣት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ለቅርሱ ሲባል ቀያቸውን የለቀቁት እነዚህ ዜጎች በሰፈሩበት ከተማ ምክር ቤት የሚወክላቸውን ሰው የመምረጥ ዕድል ገና አላገኙም።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ ወረዳዎች በደረሰ ጊዜም ደባርቅ ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ወገኖችን አስጠልላለች። በዳባት ወረዳ ደግሞ የአለምዋጭ የስደተኞች ጣቢያ ተቋቁሟል። ውኃው፣ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱና የመኖሪያ ቦታ ጥያቄው በዚሁ ልክ ጨምሯል። ከእነዚህ ለየትኛው ቅድሚያ ይሰጥ የሚለውን የሚወስነውና በየዓመቱ በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው።

ነገሩን ይበልጥ አጣዳፊ የሚያደርግ ሌላ ጉዳይም አለ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ከተሞች ከቤትና ከመሬት ይዞታ ገቢ የሚሰበስቡበትን መንገድ አስፍቷል። ነዋሪው ለከተማው የሚከፍለው በጨመረ መጠን ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ የሚጠይቅለት ተመራጭ ማስፈለጉ የሚያከራክር አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ለማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል። በምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ዕድሜው 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ለስድስት ወራት የኖረ ኢትዮጵያዊ በመራጭነት ሊመዘገብ ይችላል። የምርጫ መርሐ ግብር የሚያወጣውና የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ እንጂ የከተማው አስተዳደር አይደለም።

እስከዚያው ነዋሪው ምን ማድረግ ይችላል?

በመጀመሪያ የነዋሪነት መታወቂያን ማሳደስ ይገባል። ዛሬ ለአገልግሎት የሚጠየቀው ይኸው መታወቂያ ነገ በመራጭነት ሲመዘገቡ ነዋሪነትን ከሚያስረዱት ማስረጃዎች ዋነኛው ነው። በተለይ አዲስ የሰፈሩ፣ ከገጠር የመጡና ለአካለ መጠን የደረሱ ወጣቶች የምዝገባ ቀን እስኪታወጅ መጠበቅ የለባቸውም።

ሁለተኛ፣ ጉዳዩ የከተማው ነው ወይስ የወረዳው የሚለውን መለየት ያስፈልጋል። የደባርቅ ከተማ አስተዳደርና የደባርቅ ወረዳ አስተዳደር ስማቸው አንድ ቢሆንም መሥሪያ ቤታቸው የተለያየ ነው። ከሊማሊሞ ማዶ ወይም ከፓርኩ አጎራባች ቀበሌዎች የሚመጣ ባለጉዳይ ይህን ባለማወቅ ረጅም መንገድ ተጉዞ ያለ ውጤት ሊመለስ ይችላል።

ሦስተኛ፣ አገልግሎት ሲዘገይ በቅድሚያ በመሥሪያ ቤቱ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር መመልከት፣ ቀጥሎም አቤቱታን ቀን በተጻፈበትና በተፈረመ ደብዳቤ ለቅሬታ ሰሚ አካል አቅርቦ ቅጂውን መያዝ ያሻል። ምላሽ ከታጣ ጉዳዩን ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ማድረስ ይቻላል። የአስተዳደር በደል የደረሰበት ዜጋ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ማመልከት ይችላል።

ምክር ቤቱ የአገልግሎት ዘመኑ ማለፉ ከከንቲባው ሪፖርት ከመስማትና ጥያቄ ከማቅረብ ኃላፊነት ነፃ አያደርገውም። ይሁንና አቤቱታ የምርጫን ቦታ ሊተካ አይችልም። አቤቱታ የአንድን ባለጉዳይ ችግር ይፈታ ይሆናል። ችግሩን በየጊዜው የሚፈጥረውን አሠራር ለመለወጥ ግን ነዋሪው በየአምስት ዓመቱ የሚመዝነው ምክር ቤት ያስፈልጋል። የደባርቅና የዳባት ነዋሪዎች የምርጫውን ቀን መጠየቃቸው አገልግሎትን ከመጠየቅ ተለይቶ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።