ከጁባው ጸሎት እስከ ጥምቀት ድንበር፦ ሞርሞኖች ክርስቲያን ናቸው?

ጥር 27/2015 ዓ.ም. በጁባ የጆን ጋራንግ መካነ መቃብር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ እና የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን መሪ ኢያን ግሪንሺልድስ ለደቡብ ሱዳን ሰላም በአንድነት ጸለዩ። ሦስቱ አብያተ ክርስቲያናት በብዙ ቢለያዩም አንዱ የሌላውን ጥምቀት ይቀበላል። የሞርሞኖችን ጥምቀት ግን ቫቲካን እንደማትቀበል እአአ 2001 ወስናለች።

ለምን? ጆሴፍ ስሚዝ እአአ 1830 በኒው ዮርክ ግዛት የመሠረቷት ይህች ቤተ ክርስቲያን ክርስቶስን አዳኝ ትላለች፤ ስሟም በስሙ ይጠራል። ሆኖም አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በዓላማ እንጂ በባሕርይ አንድ አይደሉም ብላ ታስተምራለች፤ መጽሐፈ ሞርሞንንም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን ታኖራለች።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ451 የተካሄደውን የኬልቄዶን ጉባኤ ባትቀበልም፣ የ325ቱን የኒቅያ ጉባኤ እንደ ሮም ሁሉ ታጸናለች። ሞርሞኖች የሚለዩት በዚሁ የጋራ መለኪያ ነው።

ይህ ግን በሰዎቹ ላይ የሚሰጥ ፍርድ አይደለም። እአአ 1985 አባላቱ ጾመው፣ በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገራት በረሃብ ለተጎዱ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተዋል። አብያተ ክርስቲያናት የዕርቅ ሸምጋይ በሆኑባት ደቡብ ሱዳን ጥያቄው ሁለት ነው፦ የማን ጥምቀት ይጸናል? ከማን ጋር ለሰላም ይሠራል? የመጀመሪያው መልስ የሁለተኛውን በር መዝጋት የለበትም።