በፓምፕ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ኮራሉ የሚያገኘው ውኃ

ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ ነፋስ በሌለበት ቀን ሳይደርቅ ይውላል፤ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ግን ፀሐይዋ ያችው ሆና ሳለ ፈጥኖ ይደርቃል። በሻይ ብርጭቆ ውስጥ የተጨመረ ስኳርም ካልተማሰለ ከሥር ተኝቶ ይቆያል። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቃቸው እነዚህ ሁለት ነገሮች ሳይንሳዊ ምክንያታቸው አንድ ነው። ይኸው ምክንያት ከባሕር ርቆ በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚኖር የአንድ እንስሳ ሕይወትም የተንጠለጠለበት ነው። እንስሳው ኮራል ይባላል።

ኮራልን በአኳሪየም ውስጥ ማኖር ከባድ ሙያ መሆኑ ይታወቃል። አሳዳጊዎች ስለ መብራቱ ዓይነት፣ ስለ ጨውና ስለ ካልሲየም መጠን፣ ስለ ውኃው ሙቀት በጥንቃቄ ይነጋገራሉ፤ ይለካሉ፤ ይመዘግባሉ። ስለ ውኃው እንቅስቃሴ ሲነሣ ግን ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቁጥር ይቋጫል፤ ይኸውም ፓምፑ የገንዳውን ውኃ በሰዓት ስንት ጊዜ ያዞረዋል የሚለው ነው። አንዱ 20 ጊዜ ይበቃል ሲል፣ ሌላው ከ40 በታች አይሆንም ይላል። በእኔ አስተያየት ይህ ቁጥር ከሚያስረዳው ይልቅ የሚሸሽገው ይበልጣል። መጠየቅ ያለበት በኮራሉ ገላ ላይ ምን ያህል ውኃ፣ በምን ዓይነት እንቅስቃሴ ይደርሳል የሚለው ነው። ምክንያቴን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ከቦታው የማይነሣ እንስሳ

ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ትናንሽ እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበት ማኅበር ሲሆን፣ ድንጋያማዎቹ ዝርያዎች ከሥራቸው የካልሲየም ካርቦኔት አፅም ይገነባሉ። በብዙዎቹ ህዋሶች ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች (ዋቅላሚዎች) ተጠልለው ይኖራሉ። አልጌዎቹ በብርሃን አስተፃምሮ ያዘጋጁትን ምግብ ለኮራሉ ያካፍላሉ፤ ኮራሉም በበኩሉ መጠለያና ለምግቡ ዝግጅት የሚያስፈልጋቸውን ጥሬ ዕቃ ይሰጣቸዋል።

ዓሣ ኦክስጅን ሲያንሰው ወደ ውኃው ገጽ ይወጣል፤ ሲርበው ዋኝቶ ይፈልጋል። ኮራል ግን በተጣበቀበት ስፍራ የሚኖር በመሆኑ የሚተነፍሰው ኦክስጅን፣ የሚመገባቸው ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ለአፅሙ የሚሆነው ካልሲየም ሁሉ ወደ እርሱ መምጣት አለባቸው። ከሰውነቱ የሚወጣው ቆሻሻና በላዩ የሚያርፈው ደለልም ከእርሱ መወሰድ አለበት። የሚያመጣለትም የሚወስድለትም የውኃው እንቅስቃሴ ነው።

በገላው ላይ ያለው ስስ ንጣፍ

እ.ኤ.አ. በ1904 ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንድትል ፈሳሽ በጠጣር አካል አጠገብ ሲያልፍ ስለሚፈጠረው ስስ ንጣፍ የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። ገጹን የነካው ፈሳሽ ከገጹ ጋር ተጣብቆ ይቆማል፤ ፍጥነቱ የሚጨምረው ከገጹ እየራቀ ሲሄድ ነው። በመሆኑም ከኮራሉ ገላ ጋር በተጣበቀው ስስ የውኃ ንጣፍ ውስጥ ኦክስጅንም ሆነ ሌላ የሟሟ ነገር የሚተላለፈው ሞለኪውሎች ከበዙበት ወደ አነሱበት በራሳቸው ሲሰርጉ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ እጅግ አዝጋሚ ነው። ፍሰቱ ሲበረታ ንጣፉ ይሳሳል፤ ንጣፉ ሲሳሳ መተላለፉ ይፋጠናል። ነጠላው በነፋስ የሚደርቀው፣ ስኳሩም በማማሰል የሚሟሟው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ለኮራል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በልኬት ታይቷል። ሚካኤል ኩልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት እጅግ ቀጫጭን መለኪያዎችን ወደ ኮራል ገላ አስጠግተው ነበር። በብርሃን ወቅት በኮራሉ ገጽ ላይ ያለው ኦክስጅን አየር ከጠገበ ውኃ ጋር ሲነጻጸር ወደ 250 በመቶ ሲደርስ፣ በጨለማ ግን ከ2 በመቶ በታች ወርዷል። ኮራል ቀን በኦክስጅን ብዛት፣ ሌሊት በኦክስጅን እጥረት የሚፈተን እንስሳ ነው ማለት ነው።

እጥረቱስ ይሁን፤ ብዛቱ እንዴት ይጎዳል? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ታሊ ማስ፣ አማትሲያ ጌኒንና ባልደረቦቻቸው በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በኤላት አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት መልሱን ይሰጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይዞ ወደ ምግብነት ጉዞ የሚያስጀምረው ሩቢስኮ የተባለው ኤንዛይም ነው። ይህ ኤንዛይም ኦክስጅን ሲበዛበት በካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፈንታ ኦክስጅኑን ይይዛል፤ ምርቱም ይቀንሳል። ፍሰት ትርፉን ኦክስጅን ከኮራሉ ገላ ጠርጎ ሲወስድ ብርሃን አስተፃምሮው ከፍ ይላል። እንግዲህ ውድ መብራት ገዝቶ ውኃውን የቆመ ያህል የሚተው አሳዳጊ ከፍሎ የገዛውን ብርሃን ራሱ እያባከነው ነው።

በሙቀት ጊዜም ፍሰት ሕይወት ያድናል። እ.ኤ.አ. በ1998 በዓለም ባሕሮች ሙቀት የተነሣ ብዙ ኮራሎች አልጌዎቻቸውን አጥተው ነጥተዋል። ናካሙራና ቫን ዌሲክ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳተሙት፣ ሙቀትና ብርሃን በበዛበት ሁኔታ ደካማ ፍሰት ውስጥ የነበሩ ኮራሎች ሲሞቱ፣ ብርቱ ፍሰት ውስጥ የነበሩት ተርፈዋል።

በእርግጥ ኮራል ፈጽሞ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ኦር ሻፒሮና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት ሲሊያ የተባሉት የገላው ጥቃቅን ፀጉሮች እየተወዛወዙ በአጠገቡ ያለውን ውኃ ያሽከረክሩታል። ይሁን እንጂ ይህ የእንስሳው የራሱ ጥረት የሚደርሰው ከገላው እጅግ ቅርብ እስከሆነው ውኃ ድረስ ነው። የገንዳው ውኃ በሙሉ ከቆመ የሚያማስለው ያንኑ የተጎዳ ውኃ ይሆናል።

ቁጥሩ የሚሸሽገው

ባለ 200 ሊትር ገንዳ ውስጥ በሰዓት 4,000 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ቢገባ ስሌቱ “20 ጊዜ” ይላል። ውኃው በጠባብ አፍ ወጥቶ ፊት ለፊት ያለውን አንድ ኮራል እየገረፈ ሥጋውን ቢልጠው፣ ከአለቱ በስተኋላ ያለው ሌላው ኮራል ደግሞ ደለል ለብሶ ቢታፈን፣ ስሌቱ አሁንም “20 ጊዜ” ነው። ቁጥሩ ለሁለቱም አማካይ ይሰጣል፤ በአማካይ የሚኖር ኮራል ግን የለም።

የፊዚክስ ተማሪዎች ደግሞ የሚከተለውን ያስሉ። በሰከንድ 1 ኪሎ ግራም ውኃ በሰከንድ 4 ሜትር ፍጥነት የሚወረውር ጠባብ አፍ የመግፋት ኃይሉ 4 ኒውተን ሲሆን፣ ለውኃው የሚሰጠው አቅም 8 ዋት ነው። በሰከንድ 4 ኪሎ ግራም ውኃ በሰከንድ 1 ሜትር ፍጥነት የሚገፋ ሰፊ ተሽከርካሪ ክንፍ የመግፋት ኃይሉ ያው 4 ኒውተን ነው፤ የሚፈልገው ግን 2 ዋት ብቻ ነው። ብዙ ውኃን በዝግታ መግፋት ጥቂት ውኃን በፍጥነት ከመወርወር ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ ለኮራሉም ገርና ሰፊ ፍሰት ይሰጠዋል።

የፍሰቱ አቅጣጫም ሌላ ነጥብ ነው። ማዕበል የሚያገኘው የባሕር ዳርቻ ውኃ ይሄዳል፤ ይመለሳል። ይህ መመላለስ በቅርንጫፎቹ መካከል የተኛውን ውኃ ሳይቀር እያወጣ ይተካዋል። ሁልጊዜ ከአንድ ወገን የሚመጣ ፍሰት ግን በኮራሉ ጀርባ ቋሚ የደለል ማረፊያ ይፈጥራል። ለዚህም ነው ሁለት ፓምፖችን በተቃራኒ ጎኖች አስቀምጦ በየተራ ማሠራት፣ አንዱን ኃያል ፓምፕ ያለማቋረጥ ከማስጮህ የሚሻለው። ልኩም እንደ ዝርያው ይለያያል፤ ማዕበል በሚመታው የአለት ጫፍ የሚበቅሉት ባለቅርንጫፎች ብርቱ ፍሰት ሲወዱ፣ ሥጋቸው ወፍራምና ፖሊፓቸው ትልልቅ የሆኑት ብዙዎቹ ረጋ ያለውን ይመርጣሉ።

የባልዲው ብልሃት

የሆኖሉሉው ዋይኪኪ አኳሪየም ዳይሬክተር የነበሩት ብሩስ ካርልሰን በስማቸው የሚጠራ ቀላል መሣሪያ ለአሳዳጊዎች አስተዋውቀዋል። ከገንዳው በላይ አንድ ባልዲ ይቀመጣል፤ አነስተኛ ፓምፕ ቀስ እያለ ይሞላዋል። ውኃው በባልዲው ውስጥ ያለውን የታጠፈ ቱቦ አናት ሲያልፍ ሲፎኑ ይጀምርና ውኃው በአንድ ጊዜ ወደ ገንዳው ይወርዳል። ባልዲው ሲጎድል አየር በቱቦው ስለሚገባ ሲፎኑ ይቋረጣል፤ ሙሌቱም እንደገና ይቀጥላል።

ፓምፑ በሰዓት 600 ሊትር ቢሰጥ ባለ 20 ሊትሩ ባልዲ በ2 ደቂቃ ይሞላል። በ10 ሰከንድ ቢወርድ በሰከንድ 2 ሊትር፣ ማለትም ፓምፑ ከሚሰጠው 12 እጥፍ የሆነ ማዕበል ይሆናል። ባለ 200 ሊትር ገንዳ ላይ የሚገኘው ቁጥር ግን “3 ጊዜ” ብቻ ነው፤ ቁጥር አምላኪው አሳዳጊ ሳያየው ይጥለዋል። መሣሪያው እንከን የለበትም አልልም። ይጮኻል፣ አረፋ ይፈጥራል፣ ገንዳውም ለሚወርደው ውኃ ቦታ ካልተተወለት ይፈሳል። ነገር ግን አስተሳሰቡን ልብ ማለት ይጠቅማል።

በከፍታ ላይ የተቀመጠ ባሕር

ከኢትዮጵያ የማይርቀው የጅቡቲ ኮራል ጭምር በሩቅ አገር ገንዳ ውስጥ ኖሯል፤ የሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1989 ከጅቡቲ ያስመጣውን ኮራል ለሕዝብ አሳይቷል። ሞናኮ ግን በባሕር ጠለል ላይ ናት። አንድ ሰው እንዲህ ያለ ገንዳ በአዲስ አበባ ቢያቋቁም ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ጠለል 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ የባሕር ውኃ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በዚህ ከፍታ የሚይዘው ወደ 5 ሚሊግራም ብቻ ነው። ፍሰት ይህን ጣሪያ ከፍ አያደርገውም። የውኃውን ገጽ በማናወጥ ግን ወደ ጣሪያው ያቀርበዋል፤ ያለውንም ጥቂት ኦክስጅን ወደ ኮራሉ ገላ ያደርሰዋል። በሌሊት መብራት ቢጠፋና ፓምፑ ቢቆም፣ ቀድሞውንም ያነሰው ኦክስጅን ሳይነጋ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ሳያዘጋጁ እንዲህ ያለ ሥራ መጀመር እንስሳውን ለሞት ማዘጋጀት ይመስለኛል።

በጄሶ እንለካ

“ቁጥሩ ቢያንስ ቀላል ነው፤ በኮራሉ ገላ ላይ ያለውን ፍሰት ግን ማን ይለካል?” የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መልስ ግን አለው። በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማክስዌል ዶቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ውኃ እንቅስቃሴ መለኪያ ባሳተሙት ጽሑፍ የጄሶ ቁራጭን ተጠቅመዋል። ተመሳሳይ መጠን ያላቸው የጄሶ ቁርጥራጮች ደርቀው ይመዘናሉ፤ በገንዳው ልዩ ልዩ ስፍራዎች ለ24 ሰዓት ይቆያሉ፤ ወጥተው ደርቀው እንደገና ይመዘናሉ። ብዙ የሟሟበት ስፍራ ብዙ እንቅስቃሴ ያገኘ ነው። ጄሶው የሚሟሟው ኮራሉ በሚተነፍስበት በዚያው ስስ ንጣፍ በኩል ስለሆነ፣ የምንፈልገውን ነገር በቀጥታ ይነግረናል። ይህም ኮራሎቹ ከመግባታቸው በፊት ቢደረግ ይመረጣል፤ የሟሟው ጄሶ የውኃውን ኬሚስትሪ ይለውጣልና።

ይህን ሙከራ ለማድረግ ኮራልም ሆነ ባሕር አያስፈልግም። ጄሶ፣ ሚዛን፣ ሁለት ባልዲ ውኃና አንድ ትንሽ ፓምፕ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊያደርገው ይችላል። አንዱን ባልዲ ፓምፑ እንዲያናውጠው፣ ሌላውን እንዲቆም አድርገው ልዩነቱን የመዘኑ ተማሪዎች፣ ስለ ስሱ ንጣፍ በሰሌዳ ላይ ከሚገለበጥ ማስታወሻ የበለጠ ይረዳሉ።

ኮራል ከተወለደበት ባሕር ተነሥቶ ወደ መስታወት ገንዳ የገባው በእኛ ፍላጎት ነው። የሚታፈን ኮራል አይጮኽም፤ ፖሊፖቹን ሰብስቦ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ አሳዳጊውም ጥፋቱን በጨው ወይም በመብራት ላይ ያሳብባል። ስለሆነም አሳዳጊ ለመሆን የሚያስብ ሁሉ ፓምፕ ከመግዛቱ በፊት ኮራሉን የት እንደሚያስቀምጥ፣ በዚያም ስፍራ ውኃው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አስቀድሞ ይመርምር። በካርቶን ላይ የታተመው ቁጥር ስለ ፓምፑ ይናገራል፤ ስለ እንስሳው መጠየቅ ግን የእኛ ፈንታ ነው።