መጀመሪያ ጣራ ላይ ያለው ዲሽ

የአማተር ሳተላይት ጣቢያ የማቋቋም ሐሳብ ያደረበት ተማሪ ዩቲዩብ ሲከፍት ቶሎ የሚያጋጥመው እንደ አይኮም 9700 ያለ ሬዲዮ ነው። ዋጋው ከ1,500 ዶላር በላይ! እዚያው ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። ችግሩ የኪሱ አይደለም፣ የቅደም ተከተሉ ነው። ጣቢያ ከመስማት ይጀመራል።

ለመስማት ደግሞ ግማሹ ዕቃ ጣራ ላይ ዝጎ ተቀምጧል። ኪውኦ-100 የተባለው የአማተሮች መገናኛ በ2018 እ.ኤ.አ. በመጠቀችው የኳታር ሳተላይት ኢስሃይል-2 ላይ ተጭኖ፣ በምሥራቅ 26 ዲግሪ ግድም ቆሟል። ዓረብሳት ያለበት አቅጣጫ ማለት ነው። ቤተሰቡ ወደ ኢትዮሳት ሲዞር የተረሳ የዓረብሳት ዲሽ ካለ፣ ትልቁ ሥራ አልቋል።

የሚጎድለው አርቲኤል-ኤስዲአር የምትባል፣ ፍላሽ የምታህል የዩኤስቢ መቀበያ ናት። ውጭ አገር ከ30 እስከ 40 ዶላር ትሸጣለች። በ10,489.5 ሜጋኸርዝ የሚመጣውን ሞገድ ኤልኤንቢው ወደ 739.5 አውርዶ ይሰጣታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የላፕቶፕ ሥራ ነው።

ቁጠባው ግን ልክ አለው። ኤልኤንቢው ወደ 13 ቮልት ይፈልጋል። ይህን ኃይል በኬብሉ ወደ ላይ ልኮ ወደ መቀበያዋ እንዳይመለስ የሚያግደውን ባያስ-ቲ ሳይገዙ መሞከር መቀበያዋን ማቃጠል ነው። አሮጌ ኤልኤንቢም ፀሐይ ሲመታው ፍሪኩዌንሲው ይንሸራተታል፤ ፒኤልኤል የሚባለው ዓይነት ቢተካ ይሻላል።

ማሰራጨት ፈቃድ ይጠይቃል። እዚያ ደረጃ የደረሰ ሰው ሬዲዮ ከመግዛቱ በፊት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የአማተሮች ክበብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤን፣ ቢያነጋግር ከማንኛውም ቪዲዮ የበለጠ ያተርፋል።