ማንቂያ፦ «ስልክ ቁጥሩን ብቻ ላኪልኝ» ለሚል መርማሪ ገንዘብ አትላኩ

ባላችሁን፣ ሚስታችሁን፣ የንግድ ሸሪካችሁን ወይም የጠፋ ወንድማችሁን የሚከታተልላችሁ ሰው እየፈለጋችሁ ከሆነ፣ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ልካችሁ ከሆነም አንብቡ፤ ሁለተኛውን እንዳትልኩ።

አንዲት የማውቃት እኅት አለች። ኑሮዋ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ባሏ ስልኩን ይዞ መታጠቢያ ቤት መግባት ሲያበዛባት ቴሌግራም ላይ አንድ «የግል መርማሪ» አገኘች። ፎቶው ላይ ያለው ጥቁር መነጽር ያደረገ ፈረንጅ ነው፤ አማርኛው ግን የእኛው ሰው አማርኛ። «እኅቴ፣ አንቺ ምንም አትልፊ። ስልክ ቁጥሩን ብቻ ላኪልኝ። የጻፈውን፣ ያወራውን፣ የዋለበትን በ48 ሰዓት አመጣልሻለሁ» አላት። ዋጋው 600 ዶላር። በዜል ላከች።

በሁለተኛው ቀን ከሥራ ስትወጣ ስክሪንሹት ደረሳት። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ አነበበችው፤ «ፍቅሬ፣ ናፍቀሽኛል» የሚል ነው። እንባዋ ሳይደርቅ ግን አንድ ነገር ከነከናት። ባሏ በዕድሜው በግዕዝ ፊደል ቴክስት ጽፎ አያውቅም፤ እንደ ብዙዎቻችን «ደህና ነሽ» ለማለት እንኳ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጠቀመው። ስክሪንሹቱ ላይ ያለው ደግሞ አራት ነጥቡ ሳይቀር የተሟላ፣ ጥንቅቅ ያለ አማርኛ ነው። «ይሄ የሱ አይደለም፤ ገንዘቤን መልስ» ብላ ጻፈች። መልሱ ደቂቃ አልፈጀም፦ «900 ጨምሪ። አለዚያ ያወራነውን ሁሉ ለባልሽ ነው የምልክለት። ቁጥሩን ራስሽ ሰጥተሽኛል።»

ሰውየው ስለ ባሏ ያወቀው አንዳች ነገር አልነበረም። ስለ እሷ ግን ስሟን፣ የትዳሯን ስንጥቅ፣ የፍርሃቷን ልክ ያውቃል። የነገረችው ራሷ ናት፤ ከፍላ።

እንግዲህ ማንቂያው ይህ ነው፦ ሁሉን አመጣለሁ የሚል መርማሪ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ወንጀለኛ። ታማኝ መርማሪ አስቀድሞ የሚነግራችሁ የማይችለውን ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

አሜሪካ ውስጥ ሌላ ሰው መስሎ ባንክ ደውሎ የደንበኛ ሒሳብ ማውጣት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ሕጉ አድራጊውን ብቻ ሳይሆን «አድርግልኝ» ያለውንም መያዙን ነው። የስልክ ጥሪ ዝርዝርም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤችፒ የተባለው ግዙፍ የኮምፒውተር ኩባንያ ምሥጢር የሚያወጣብኝ ማነው ብሎ መርማሪዎች አሰማራ፤ መርማሪዎቹም የቦርድ አባላትንና የጋዜጠኞችን ማንነት ተላብሰው የስልክ መዝገባቸውን አወጡ። ጉዳዩ ሲፈነዳ የቦርዱ ሊቀ መንበር ከሥልጣን ወረዱ፤ ኮንግረሱም እንዲህ ያለውን ድርጊት እስከ 10 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ። የሰው ቴክስት ሰብሮ ማንበብም ወንጀል ነው። አገር ቤት ያላችሁም ብትሆኑ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው አካውንት ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። «ሃክ አደርግልሃለሁ» የሚላችሁ ሰው እንግዲህ ቃሉን ከበላ ገንዘባችሁን ወሰደ፤ ቃሉን ከጠበቀ ደግሞ ግብረ አበር አደረጋችሁ።

በዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖረው ሌላም ወጥመድ አለ። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ በዊልሰን ድልድይ ሜሪላንድ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ሕጉ ግን ድልድዩ ላይ ይለወጣል። ቨርጂኒያና ዲሲ ውስጥ እናንተ ራሳችሁ ያላችሁበትን ንግግር ብትቀዱ ሕጉ አይከለክላችሁም። ሜሪላንድ ውስጥ ግን የሁሉም ተናጋሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ወንጀል ነው። ሳሎን ውስጥ ስልክ ደብቃችሁ ቅዱ ብሎ የሚመክር «መርማሪ» ይህን ልዩነት ካልነገራችሁ ሥራውን አያውቀውም።

ፈቃዱም እንደዚያው ነው። የግል መርማሪን በመላው አሜሪካ የሚያሠራ አንድ ላይሰንስ የለም፤ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ይሰጣል። ቨርጂኒያ የወንጀል ፍትሕ አገልግሎት መምሪያው ይመዘግባል፤ ሜሪላንድ ፈቃዱን የሚሰጠው የስቴቱ ፖሊስ ነው። ካሊፎርኒያ በመደበኛው 6,000 ሰዓት የምርመራ ሥራ ልምድ ትጠይቃለች። ፈቃድ ጨርሶ የማይጠይቁ ጥቂት ስቴቶችም አሉ። እስራኤል ያላችሁ ወገኖች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የመርማሪዎች ሕግ ስላለ ፈቃድ የመጠየቅ ሙሉ መብት አላችሁ። እንግሊዝ ያላችሁ ግን ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ እዚያ መንግሥት ለግል መርማሪ ፈቃድ አይሰጥም። ማንም ተነስቶ መርማሪ ነኝ ማለት ይችላል።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁ። ቁጥሩን ከሰጣችሁ በኋላም እሱ በላከላችሁ ሊንክ አትግቡ፤ የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ራሳችሁ ፈልጋችሁ አጣሩ ወይም ደውሉ። የታደሰ ነው ወይ? ስሙ መታወቂያው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው ወይ? ደረቱ ላይ ባጅ ሰክቶ በፎቶ የሚታይ ሰው ቁጥሩን ሲጠየቅ ከተቆጣ ነገሩ አበቃ።

ደግሞ ከመቅጠራችሁ በፊት በነጻ የሚገኘውን ነገር በገንዘብ እየገዛችሁ እንዳይሆን። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሰው ተከስሶ እንደሆነ በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ይታያል። ቤቱ በማን ስም እንደሆነ፣ መቼ በስንት እንደተገዛም በስቴቱ የንብረት መዝገብ ላይ በነጻ አለ። ይህንኑ ገልብጠው በ«ምሥጢራዊ ሪፖርት» ስም የሚሸጡ ሞልተዋል። ባሏ ሲማግጥ በካሜራ ይያዝልኝ ብላ ብዙ ሺህ ዶላር የምታፈስ እኅትም ይህን ትስማ፦ ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ዝሙትን ከፍቺ ምክንያቶች ዝርዝር ሰርዛለች። ለመፋታት ፎቶው አያስፈልግሽም። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ዝሙት እስካሁን የፍቺ ምክንያት ነው፤ የትዳር ጓደኛ ቀለብንም ሊያስቀር ይችላል። ልዩነቱን የሚነግራችሁ ጠበቃ ነው። መጀመሪያ ጠበቃ ጋ ሂዱ፤ መርማሪ ካስፈለገ በጠበቃው በኩል ይቀጠር። ያን ጊዜ የሚሰበሰበው ነገር ፍርድ ቤት የሚቆም ይሆናል፤ ምሥጢራችሁም የተሻለ ይጠበቃል።

አሁን ከሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ። ልጃቸው በሊቢያ ወይም በየመን መንገድ ላይ ድምፁ የጠፋባቸው ቤተሰቦች ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ይለጥፋሉ። በማግስቱ አንድ ሰው ይደውላል። «እናቴ፣ ልጅዎን አይቼዋለሁ፤ ያለበትን የሚያውቅ መርማሪ አለኝ፤ ትንሽ ወጪ ብቻ ነው» ይላል። እናት ደግሞ ስለ ልጇ ስትሰማ ማመዛዘን ከየት ይመጣል? ወርቋን ትሸጣለች። እባካችሁ ይህን ለየእድራችሁ፣ ለየማኅበራችሁ ተናገሩ፦ የጠፋ ዘመድ ማፈላለግን የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ ያለ ምንም ክፍያ ይሠራል። በቀይ መስቀል ስም ገንዘብ የጠየቀ ሰው የቀይ መስቀል ሰው አይደለም።

የዚህ ወንድም የሆነ ሌላ ሌባም አለ። በቪዛ፣ በመሬት ወይም በክሪፕቶ የተበላችሁ ሰዎች ስም ዝርዝር ከአጭበርባሪ ወደ አጭበርባሪ ይሸጣል። ከዚያ «የተበላችሁትን የሚያስመልስ መርማሪ» ነኝ ባይ ይደውላል። ጅብ ከሄደ በኋላ የጮኸው ውሻ ራሱ ጅብ ነው። በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት በስልክ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሸጥ ሰው ገንዘባችሁን አስመልሶ እጃችሁ ከማስገባቱ በፊት ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ቅድሚያ ክፈሉ ካለ ስልኩን ዝጉት።

መርማሪው ስለ እናንተም ይጠይቅ፤ አትቀየሙት። እ.ኤ.አ. በ1989 አንድ ሰው ሬቤካ ሼፈር የተባለችውን ወጣት የሆሊውድ ተዋናይ አድራሻ ፈለገ። አሪዞና ውስጥ መርማሪ ቀጠረ፤ 250 ዶላር ከፈለ። መርማሪው ለምን እንደፈለጋት አጥብቆ ሳይመረምር አድራሻዋን ከካሊፎርኒያ የመንጃ ፈቃድ መዝገብ አስወጣለት። ሰውየው ሎስ አንጀለስ ሄዶ በሯን አንኳኳ፤ ስትከፍት ተኩሶ ገደላት። እ.ኤ.አ. በ1994 የአሽከርካሪዎችን መረጃ የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ ሲወጣ ከገፊ ምክንያቶቹ አንዱ የእሷ ሞት ነበር። ስለዚህ «ለምን ፈለጋችኋት? የፍርድ ቤት እግድ አለባችሁ?» ብሎ የሚያፋጥጣችሁ መርማሪ ሥራውን እያከበረ ነው። ያለ ጥያቄ አድራሻ የሚሸጥላችሁ ሰው ነገ የእናንተን አድራሻ ለሌላ ይሸጣል።

የእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ጠባብ ነው። መርማሪው የባላችሁ የእድር ጸሐፊ ዘመድ ሊሆን ይችላል። «የምትከታተለውን ሰው ታውቀዋለህ ወይ? ቤተሰቡንስ?» ብላችሁ በጽሑፍ እንዲመልስ አድርጉ።

ከዚህ በኋላ ውል። ውሉ ላይ የፈቃድ ቁጥሩ፣ የሰዓት ክፍያው፣ ቅድሚያ የሚያዘው ገንዘብና የማይታለፈው ጣሪያ፣ ሥራው የሚያልቅበት ቀን፣ ሪፖርቱ ለማን እንደሚሰጥና አስፈላጊ ሲሆን ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደሚመሰክር ይጻፍ። የመጨረሻውን አስምሩበት። ፍርድ ቤት ቆሞ በመስቀለኛ ጥያቄ ሊፈተን የማይደፍር ሰው ያመጣው ፎቶ ለሐዘናችሁ እንጂ ለጉዳያችሁ አይሆንም። ክፍያውም ደረሰኝ ባለው መንገድ ይሁን። የስጦታ ካርድ ወይም ክሪፕቶ ከጠየቀ ውሉን ማንበብም አያስፈልግም።

ተበልታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ እነዚህን አድርጉ። ሌላ ሳንቲም አትላኩ፤ የሚያስፈራራ ሰው አንዴ ከተከፈለው አይጠግብም። ቻቱን አታጥፉ፤ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ለባንካችሁ በዚያው ሰዓት ደውሉ። የይለፍ ቃሎቻችሁን ቀይሩ፤ የላከላችሁን አፕ ጭናችሁ ከሆነ ስልኩን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። አሜሪካ ያላችሁ ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ማመልከቻ ማዕከል፣ አገር ቤት ያላችሁ ለፖሊስ አመልክቱ። እፍረቱን ተዉት፤ ሌባው የሚኖረው በእናንተ እፍረት ነው።

ያቺ እኅት 900ውን አልላከችም። ቤቷ ገብታ ለባሏ ሁሉንም ራሷ ነገረችው። ያን ሌሊት ከባድ ነገር ተነጋገሩ፤ ምን እንደተባባሉ የነሱ ነው። ሰውየው ግን በማግስቱ ሲደውል የሚያስፈራራበት ምሥጢር አልነበረውም።

እናንተም ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ፦ ይህን ለእናታችሁ፣ ለእኅታችሁ፣ ልጁ ለጠፋበት ጎረቤታችሁ አንብቡላቸው። መርማሪ የቀጠረ ሰው ካለም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «የፈቃድ ቁጥሩ ስንት ነው?» መልስ ከሌለው ገንዘቡን ያቁም።