እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል እየሰማ ያላደገ ማን አለ? እኔም ባለፈው ሴሚስተር ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ስከራከር የመዘዝኩት ይህንኑ ተረት ነበር። ክርክራችን ስለ ጌም ነው። አትሳቁ እንጂ!

ነገሩ ወዲህ ነው። ስልኬ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ «ፋየር ኤምብለም» የሚባል የጃፓን ጌም አለ። ጦር ትመራላችሁ፤ ወታደሮቻችሁን እንደ ሰንጠረዥ በካሬ ሜዳ ላይ በየተራ ታንቀሳቅሳላችሁ። እያንዳንዱ ወታደር ስምና ታሪክ አለው፤ በተዋጋ ቁጥር ይጎለብታል፤ ከሞተ ግን አይመለስም። ጓደኛዬን «እስቲ ሞክረው» ብዬ ሰጠሁት። ልጁ ጉና ሥር ከብት ሲጠብቅ ያደገ ነው፤ በገበጣ እስካሁን ዶርማችን ውስጥ የረታው የለም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬን መለሰልኝና «ይሄ ጌም ነው ወይስ የእንግሊዝኛ ፈተና?» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። «ይሄ የታጋሽ ሰው ጨዋታ ነው» ብዬ ተረቱን ጨመርኩለት። ቆይቼ ሳስበው ግን አፈርኩ። ጌሙ መግቢያውን ሳይቆጥር አሥር ምዕራፍ ሙሉ ጀማሪን ያስተምራል። «ይህን ተጫን፣ አሁን ደግሞ ያንን» እያለ እጅ ይዞ ይጎትታል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ጓደኛዬ ከደጁ ተመለሰ እንጂ በጦር ስልት ማን አሸንፎት!

የእኛ ሰዎች ይህን ችግር ቀድመው የፈቱት ይመስለኛል። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መክፈቻው «ወረራ» ይባል ነበር። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና በተራ መጫወት ይጀመራል። በራስ ዓሊ ዘመን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ስለ ሰንጠረዣችን ጽፏል፤ የራስ ዓሊ መቀመጫ ደግሞ ይህቺው ደብረ ታቦር ነበረች። ገበጣም ቢሆን ደንቡ በአምስት ደቂቃ ይለመዳል፤ መርታቱ ነው ዕድሜ የሚፈጀው።

«ጨዋታ ከቀለለ ይረክሳል» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። መልሱን እዚያው ፋየር ኤምብለም ውስጥ አገኘሁት። ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ክፍል የወደቀ ወታደር በሚቀጥለው ምዕራፍ እንዲመለስ የሚያደርግ ምርጫ ጨመሩ። የድሮው ደንብም ለሚፈልገው አለ። ታዲያ ማን ምን ተነጠቀ? የ2003ቱ ራሱ የውጊያውን ትዕይንት ማጥፋት፣ የጽሑፉን ፍጥነት መጨመር ይፈቅዳል። ውጊያ መሐል ቢጠፋ እንኳ ካቆማችሁበት ያስቀጥላል። መብራት ሄዶ ስልኩ ባትሪ ለሚጨርስበት ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ በማውቃቸው ጌም ቤቶች ግን ክፍያው በጨዋታ ስለሆነ ሁሉም ኳስ ይጫወታል፤ ቀስ ብሎ የሚከፈት ጌም እዚያ ቦታ የለውም።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ይህን ልንረዳው ይገባል። የዜና መግቢያ አንቀጽ አንባቢውን ካልያዘ የቀረው ጽሑፍ ምን ቢጠልቅ ማን ያነበዋል? አንባቢውን «ትዕግሥት የለህም» ብለን አንወቅሰውም፤ መግቢያችንን እናስተካክላለን እንጂ።

በመጨረሻ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ትዕይንቱን አጥፍቼ፣ ጽሑፉን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ከጓደኛዬ ጎን ተቀመጥኩ። ወር ሳይሞላ እኔ ሁለት ወታደር የቀበርኩበትን ምዕራፍ እሱ አንድም ሳይሞትበት አለፈው። ያንን ቀን ዝም ብዬ ተኛሁ።

ስለዚህ ነገ ጌም ለምትሠሩ የኮምፒውተር ተማሪዎች መልእክት አለኝ። ጥልቀቱን አትቀንሱብን፤ በሩን ግን ክፈቱት። ፍጥነቱን ተጫዋቹ ይምረጥ፤ ቋንቋውም የእሱ ይሁን። እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው እኮ የሚያሞቀው ሲያገኝ ነው።

ቸር እንሰንብት!