መሣሪያውን መክፈት ብቻ አይበቃም

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ ቴሌቪዥን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲተከል እኔ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጥቼ 9ኛ ክፍል የገባሁ ተማሪ ነበርሁ። ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር፤ ከክፍለ ጊዜው 30 ደቂቃ ያህሉን እርሱ ሲወስድ ለአስተማሪያችን መግቢያና መዝጊያው ብቻ ይቀርለታል። ያልገባን ነገር ቢኖር ሥዕሉን አቁሞ የሚያስረዳበት መንገድ አልነበረውም። ትምህርቱ የሚናቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ማን እንደተከተለው፥ ማን ወደኋላ እንደቀረ መሣሪያው አያውቅም።

ዛሬ እኔው ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። በቅርቡ የተካፈልሁበት ሥልጠና የኮምፒዩተሩን አከፋፈትና አዘጋግ ብቻ አሳይቶ አሰናበተን። በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ማሽን ሲገባ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ደም በአራቱ የልብ ክፍሎች ሲዘዋወር በተንቀሳቃሽ ሥዕል ማየት ከብዙ ገለጻ ይበልጣል፤ የዘር ውርስን ስሌት ግን ተማሪው ራሱ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ካልሠራው ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ አላይለትም። ይህን መለየት የመካኒክ ሥራ አይደለም። ሚሽራና ኮለር የተባሉ ምሁራን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ባወጡት ጽሑፍ፥ የትምህርቱ፥ የማስተማሩና የመሣሪያው ዕውቀት በአስተማሪው ዘንድ ተዋሕዶ መገኘት አለበት ያሉት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሥልጠናው በየትምህርቱ ዓይነት ተከፍሎ፥ የባዮሎጂውን ነባር የባዮሎጂ አስተማሪ እንዲሰጠው የሚመለከታቸውን ባለሥልጣኖች በትሕትና እለምናለሁ። መብራት በጠፋ ቀን ትምህርቱ እንዴት እንደሚቀጥልም አብሮ ይታሰብበት።

አንድ መምህር
ከአርብ ገበያ፥ ታች ጋይንት